ከምንጩ ራስ ላይ የቆመው ባሕር ዛፍ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ይልማና ዴንሳ ነው፤ ከአዴት ብዙም አልርቅም። ከቤታችን በታች አንዲት ምንጭ አለች። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ተድሬ ስመጣ ዓመቱን ሙሉ አትነጥፍም ነበር። አሁን ከየካቲት በኋላ እንደ ክር ትቀጥናለች። በሚያዝያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተን ወረፋ እንይዛለን። አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ጎህ ሲቀድ ከቱቦው ደህና ይወርዳል፤ ከሰዓት በኋላ ጠብ ጠብ ብቻ ነው። ከምንጯ ራስ ላይ የባለቤቴ አጎት የተከሉት ባሕር ዛፍ አለ፣ ከመቶ ይበልጣል። ገሚሱ ሰው “ባሕር ዛፉ ጠጣው” ይላል፤ ገሚሱ “ዝናቡ ነው የቀነሰው” ይላል። አጎታችን ደግሞ “ሌላ ባንክ የለኝም፣ ባንኬ እሱ ነው” ነው የሚሉት። አምና ለምነናቸው አራቱን ቆረጡልን። ክረምቱ ሳያልፍ በአንዱ ጉቶ ላይ አሥራ ምናምን ሆኖ በቀለ። ምን ብናደርግ ይሻላል?
(አንዲት እናት፣ ይልማና ዴንሳ)

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት ለአንድ ነገር ብዬ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ደህና ይወርዳል፣ ከሰዓት ጠብ ጠብ ይላል ስላልሽው። ዝናብ ያጠረው ምንጭ እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። እሱ ጠዋትም ማታም ቀጭን ነው። ዛፍ ግን የሚጠጣው በቀን ነው። ፀሐይ ስትወጣ የቅጠሉ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። ውሃው ከሥር ይሳብና በቅጠሉ በኩል ተንኖ ይሄዳል። ማታ ቀዳዳው ሲዘጋ መሬቱ ትንፋሽ ያገኛል፣ ሌሊቱን ውሃው መልሶ ይጠራቀማል። እናንተ በ10 ሰዓት የምትቀዱት ዛፉ ተኝቶ ያደረበትን ውሃ ነው።

ይህን ለአጎታችሁ በአፍ ብትነግሪያቸው ክርክር ነው የሚሆነው። በጀሪካን አሳዪያቸው። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ከቱቦው ሥር አድርጊና በስልክሽ ሰዓት ያዢ። አንድ ጊዜ ጎህ ሲቀድ፣ አንድ ጊዜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ። በ3 ደቂቃ ከሞላ በሰዓት 400 ሊትር ነው። በ10 ደቂቃ ከሞላ 120 ሊትር ብቻ ነው። በልጆችሽ ደብተር ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ደቂቃውን ጻፊ። አንድ ሳምንት ከለካሽ በኋላ አጎታችሁን እጃቸውን ይዘሽ ወስደሽ ራሳቸው ይቁጠሩ። ሰው በዓይኑ ካየው ጋር አይጣላም። ይህ ደብተር በኋላም ያስፈልግሻል፣ አትጣይው።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። ያደግኩት ደንበጫ አካባቢ ነው። ሥራ የጀመርኩት በችግኝ ጣቢያ ነው። በዚያን ጊዜ ከላይ የሚመጣልን ቁጥር ነበር፤ ይህን ያህል ሺህ ባሕር ዛፍ አድሉ ይባላል፣ እናድላለን። የት እንደሚተከል የሚጠይቀን አልነበረም። እኔም 200 ችግኝ ለቤቴ ወሰድኩ። የተከልኩት ታዲያ የት መሰለሽ? ቶሎ እንዲደርስ ብዬ እርጥብ ቦታ ፈለግኩ። እናቴ ውሃ ከምትቀዳበት ምንጭ ራስ ላይ። እውነትም ቶሎ ደረሰ፣ በ4 ዓመቱ ማገር ሆነ። በ8 ዓመቱ እናቴ እንስራውን ማጥለቅ አቃታት። በቅል እየጨለፈች፣ ጭቃው እስኪጠል ቁጢጥ ብላ እየጠበቀች ትሞላው ጀመር። አንድ እንስራ ለመሙላት የሚፈጀውን ጊዜ አብሬያት ተቀምጬ አይቻለሁ። አንድም ቀን “አንተ ነህ የተከልከው” አላለችኝም። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ እሱ ነው።

ባሕር ዛፍን ለማውገዝ ብዬ አይደለም ይህን የምነግርሽ። የጎጃም ቤት የቆመው በሱ ነው። ቋሚው፣ ማገሩ፣ ወራጁ፣ የምጣዱ ማገዶ ሳይቀር። ልጅ ያስተማረው፣ ሠርግ የደገሰው፣ ሐኪም ቤት የከፈለው ብዙ ነው። አጎታችሁ “ባንኬ ነው” ሲሉ እውነታቸውን ነው። ጥፋቱ ቦታው ነው። ሥሩ ጠልቆ ይሄዳል፣ ቅጠሉ በበጋ አይረግፍም። ሣሩ በጥር ደርቆ ሲያርፍ እሱ ግንቦትንም እየጠጣ ያልፋል። ደረቅ ኮረብታ ላይ ያገኘውን ይጠጣል። ምንጭ ራስ ላይ ካቆምሽው ግን ያለ ልክ ይጠጣል።

ስለዚህ አጎታችሁን “ዛፍዎን አውድሙ” አትበሏቸው። እንዲህ በሏቸው፦ “አጣናው ሲደርስ ይሽጡት፣ ገንዘቡም የእርስዎ ነው። እኛ የምንለምነው ከጉቶው ዳግመኛ እንዳይበቅል ብቻ ነው።” እሳቸው የሚያጡት የቆመውን ዛፍ አይደለም፣ የሚቀጥለውን ቡቃያ ነው። ለዚያም ካሳ ይገባቸዋል። ከምንጯ የሚቀዳው መንደር በደቦ ወጥቶ ጉቶውን ይንቀልላቸው፣ መሬቱን ያስተካክልላቸው፤ ከምንጯ ራቅ ያለውን ክፍል ለድንች ወይም ለጌሾ ያዘጋጅላቸው። ከኮረብታው ላይ ደረቅ ቦታ ያለው ዘመድም ካለ ባሕር ዛፋቸውን እዚያ ይትከሉ። ይህን ነገር በሁለት ሽማግሌ ፊት ተነጋገሩት። ስምምነቱ ላይ ውሃ ቀጂዎቹ ሴቶች ይገኙ። ወንዶቹ ብቻ ተቀምጠው የጨረሱት የውሃ ስምምነት ሲፈርስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ወረፋውን አያውቁትማ።

አሁን ወደ ጉቶው። አምና የሆነባችሁ “ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ” የሚባለው ነው። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ አይሞትም፣ ያቆጠቁጣል። ቀረብ ብለሽ እዪው። ቡቃያው የሚወጣው ከቅርፊቱ ሥርና ከመሬቱ ልክ ላይ ካለው እብጠት ነው። የነጭ ባሕር ዛፍ ቡቃያ ቅጠሉ እንደ ትልቁ ዛፍ ረጅምና ማጭድ የመሰለ አይደለም። ክብ ነው፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት ይበቅላል፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። በጣትሽ ስታሺው ዱቄቱ ይለቅና አረንጓዴው ይወጣል። ያ ለስላሳ ቅጠል የድሮውን ትልቅ ሥር ሙሉ ለሙሉ ወርሶ ነው የሚነሳው። ለዚህ ነው እንዲያ የሚፈጥነው።

እብጠቱ ከወጣ ነገሩ አለቀ። የነጩም የቀዩም ባሕር ዛፍ የጎን ሥር ብቻውን መልሶ አይበቅልም፤ ስለዚህ ሥሩን ሁሉ እየተከተሉ መቆፈር አያስፈልግም። ዙሪያውን በዶማ ትከፍታላችሁ፣ ትልልቆቹን ሥሮች በመጥረቢያ ትበጥሳላችሁ፣ ጉቶውን ከነእብጠቱ በድጅኖ ትፈነቅላላችሁ። የደረቀ ጉቶ ማገዶ ነው፤ ለነቀለው ሰው ይሰጥ።

ልብ በይ ታዲያ፣ ከምንጯ ዐይን አጠገብ ያሉትን አትንቀሉ። እዚያ ድጅኖ ከገባ ውሃው መንገዱን ስቶ ሌላ ቦታ ሊወጣ ይችላል፣ ተዳፋቱም ሊናድ ይችላል። ለነዚያ ሌላ መላ አለ። ከመሬት ልክ ቁረጡ። የጉቶውን ቅርፊት ዙሪያውን እስከ አፈር ውስጥ ላጡት። ከዚያ አፈር ክመሩበት፣ ደህና አድርጋችሁ ርገጡት። ይህም ሆኖ ይበቅላል። ቡቃያው ጉልበት ሳይደርስ በእጅ ገንጥሉት፤ በማጭድ ከቆረጣችሁት እጥፍ ሆኖ ይመጣል፣ ከሥሩ መገንጠል ነው ያለበት። ለዚህ ሥራ በየወሩ አንድ ቀን መድቡለት፣ ለምሳሌ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ። በተገነጠለ ቁጥር ሥሩ ያጠራቀመው ስንቅ ይሟጠጣል። ሁለት ክረምት፣ አንዳንዱም ሦስት ይፈጃል። ብዙ መንደር የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። የቁረጣው ቀን ሃምሳ ሰው ይወጣል፣ ድግስም ይኖራል። በስድስተኛው ወር ቡቃያ የሚገነጥል አንድ ሰው ይታጣል። ቁረጣውን ከመጀመራችሁ በፊት የገንጣዮቹን ስም ዝርዝር ጻፉ። ዝርዝሩ ካልሞላ አትጀምሩ።

ከሁሉ በፊት መነሳት ያለባቸው በመጋቢት ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ በሚቆይበት መሬት ላይ ያሉት ናቸው። ሥራቸው ቀጥታ ከውሃው ገብቷል ማለት ነው። ከዚያ ወደ ላይ ውጡ። ቦታው ራቁቱን እንዳይቀር። አጥራችሁ ከብት ከልክሉት፣ ሣሩ ራሱ ይመለሳል። ጥቂት ሾላ፣ ዋንዛ ወይም ዶቅማ ጣል ጣል አድርጉበት። ጥቂት ያልኩት በምክንያት ነው፤ አገር በቀል ዛፍም ይጠጣል፣ ችፍግ ብሎ ከተተከለ ያው ነው። ከዚያ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ በጥርና በየካቲት በተፋሰስ ሥራ እርከንና ውሃ ማስረጊያ ጉድጓድ ይሠራ። ምንጭ የሚመገበው በክረምት ከሰረገው ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ኋላ ተስፋ እንዳትቆርጪ። ውሃው በማግሥቱ ላይመለስ ይችላል። በደቡብ አፍሪካ ምሥራቅ፣ ሞኮቡላን በምትባል ቦታ የተደረገ ሙከራ አለ። ሣር የነበረበትን ተፋሰስ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሕር ዛፍ ተከሉበት። ዓመቱን ሙሉ የሚፈሰው ጅረት በ9ኛው ዓመት ጭራሽ ደረቀ። በ16 ዓመቱ ሁሉንም ቆረጡት። ጅረቱ እንደ ድሮው ለመፍሰስ ሌላ 5 ዓመት ፈጀበት። ምክንያቱም ዛፉ የጠጣው የዓመቱን ዝናብ ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ በጥልቅ ያስቀመጠውንም ጨርሶት ነበር። ዝናቡ መጀመሪያ ያንን ጎተራ መሙላት ነበረበት። የናንተ ምንጭ ገና አልደረቀችም፣ ጠዋት ጠዋት ትወርዳለች። ስለዚህ ጎተራው ባዶ አይደለም። ጀሪካኑን ግን በየወሩ መለካት አትተዉ። ለውጡ መጀመሪያ የሚታየው ከሰዓት በኋላ ባለው ልኬት ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የምማር ተማሪ ነኝ። ጓደኞቼ ባሕር ዛፍን “ወራሪ ዛፍ” ይሉታል። ልክ ነው? ደረቅ አገሮችስ ውሃ የሚጨርስ ዛፍን በእርግጥ እየነቀሉ ነው ወይስ ወሬ ነው?

መልስ፦ ወሬ አይደለም። ቃሉ ላይ ግን እንጠንቀቅ። ወራሪ የሚባለው ሰው ሳይተክለው ራሱን እየዘራ የሚስፋፋው ነው። የኛ አገሩ ዋና ምሳሌ አፋር ላይ ያለው ፕሮሶፒስ የሚባለው ዛፍ ነው። በረሃ ያለማል ተብሎ ገባ። ከብትና ፍየል ፍሬውን በልተው ዘሩን በእበታቸው በየደረሱበት ዘሩት። ዛሬ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዟል። ተመራማሪዎች ግንዱ ላይ መለኪያ ገጥመው አንዱ ዛፍ በቀን በአማካይ 7 ሊትር እንደሚጠጣ አግኝተዋል። ሰባት ሊትር ትንሽ ይመስላል። በጠቅላላው ሲደመር ግን በዓመት ከ3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያልፋል፤ ያውም ውሃ በጠማው በረሃ። የኛን ባሕር ዛፍ ግን በአፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ አምጥተን የተከልነው ራሳችን ነን። ራሱ አልወረረንም። ለዚህም ይመስለኛል ማስተካከሉም በኛ እጅ ያለው።

ደቡብ አፍሪካን ብታነብ ትጠቀማለህ። እዚያ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍና ግራር፣ ከሌላ አገር የመጣው ጥድም፣ ከእርሻው ወጥቶ ተራራውንና የወንዙን ዳር ይዞታል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1995፣ የውሃ ሚኒስትሩ ካደር አስማል በነበሩበት ጊዜ፣ ሥራ የሌላቸውን ሰዎች ቀጥሮ ማስነቀል ጀመረ። ከተቀጠሩት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ለውሃም ለእንጀራም የሆነ ሥራ ነው፣ እኔ በጣም እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ኬፕታውን ውሃ ሊያልቅባት ደርሳ ነበር። ሰው በቀን ከ50 ሊትር በላይ እንዳይጠቀም ተባለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የከተማዋን የውሃ ገንዳዎች ከሚመግቡት ተራሮች ላይ ወራሪ ዛፍ የሚያነሳ የውሃ ፈንድ ተቋቋመ። ዛፎቹ በዓመት 55 ቢሊዮን ሊትር እንደሚወስዱ ተሰልቷል፤ ለኬፕታውን የ2 ወር ውሃ ማለት ነው። ገደል ላይ ያለውን ዛፍ በገመድ እየተንጠለጠሉ ነው የሚቆርጡት። ቆርጠውም አይተዉትም፣ በየጊዜው እየተመለሱ ቡቃያውን ያጸዳሉ። ለይልማና ዴንሳዋ እናት ከነገርኳት የተለየ ሚስጥር የላቸውም።

ጥያቄ፦ እኛ መንደር ጉቶ ለመግደል የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚያፈስ አለ፣ ጨው የሚያደርግም አለ። ሱቅ የሚሸጠው የአረም መድኃኒትስ?
(ከሜጫ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምንጭ አጠገብ ሦስቱንም አታድርጉ። የተቃጠለ ዘይት መርዝ ነው፣ ሰርጎ የምትጠጡት ውሃ ውስጥ ይገባል። ጨው መሬቱን ያበላሻል፣ ከዚያ በኋላ ሣሩም እሺ አይልም። ግላይፎሴት የሚባለውን የአረም መድኃኒት ሌላ አገር የሠለጠኑ ሠራተኞች ልክ እንደተቆረጠ ጉቶው ላይ ይቀቡታል፣ ይሠራልም። ነገር ግን ከአንዳንዱ ምርት ጋር የሚደባለቀው ማጣበቂያ ለዓሣና ለእንቁራሪት ጎጂ ነው። ያለ ጓንት፣ ያለ ልክ፣ በሃይላንድ ላስቲክ እየተቀዳ ከሚፈስበት ቦታ ጋር ደግሞ አይገናኝም። ሰው የሚጠጣው ምንጭ ላይ መጥረቢያ፣ ዶማና እጅ ይበቃል። ሰው ከጠፋ በበጋ ሥራ የሌላቸውን ጎረምሶች በቀን ሂሳብ ቅጠሩ። 

ጥያቄ፦ ፋግታ ለኮማ ነኝ። እኛ ጋ ዲከረንስ የሚባለው የውጭ አገር ግራር ነው የሞላው። ከጅረታችን ዳር ያለውን ማንሳት እንፈልጋለን። እንደ ባሕር ዛፍ ነው የምንሠራው?

መልስ፦ አይደለም፤ በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል። አዊ ውስጥ ዲከረንስ ብዙ ሰው ሀብታም አድርጓል። በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተከላል፣ በሚቀጥለው ሣሩ ይታጨዳል፣ በ4 ወይም በ5 ዓመቱ ከሰል ይሆናል። ይህን አልነካባችሁም። የጅረት ዳሩን ብቻ እንነጋገር።

የባሕር ዛፍ ጣጣው ጉቶው ነው። የዲከረንስ ጣጣው ዘሩ ነው። ከሥሩ ከቆረጥከው ጉቶው ብዙ አያስቸግርህም። ዘሩ ግን ቆዳው ጠንካራ ነው፣ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይበሰብስ ይተኛል። የሚቀሰቅሰው እሳት ነው። ስለዚህ ከጅረቱ ዳር ከሰል አታክስሉ፣ ጭራሮውንም እዚያው አታቃጥሉ። አንድ ገበሬ የጅረት ዳሩን አጽድቶ ቅርንጫፉን እዚያው ሲያቃጥል አይቻለሁ። በሰኔ ተመልሼ ስሄድ ክምሩ የተቃጠለበት ክብ ቦታ ላይ ችግኙ እንደ ጤፍ ቡቃያ ችፍግ ብሎ በቅሎ ነበር። ከሱ ውጪ ያለው መሬት ላይ አምስት ስድስት ብቻ ነው ያየሁት።

ፍሬው ሳይደርስ ቁረጡ። ቅርንጫፉን ጎትታችሁ ከጅረቱ አርቁት። ከዚያ በየክረምቱ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ አፈሩ ሲርስ፣ የበቀለውን ችግኝ ልጆች በእጃቸው ይንቀሉት። አንድ ስንዝር ሳይሞላ ከሆነ እንደ ሣር ይወጣል። በመስከረም ከሆነ ግን መቆፈሪያ ይዛችሁ ሂዱ።